እጁን የሚሰበስብ መሪ

በ1907 እ.ኤ.አ. የስካውት መሥራች ባደን ፓወል በእንግሊዝ ብራውንሲ ደሴት 20 ያህል ልጆችን ይዞ ሲሰፍር የሀብታሙንና የሠራተኛውን ልጅ ቀላቅሎ በአራት ቡድን ከፈላቸው፤ ለየቡድኑም ከመካከላቸው አለቃ ሾመ። ለእኔ የስካውት ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው። ዛሬም ያለ ደመወዝ፣ የዕረፍት ቀኑን ሰውቶ ልጆችን የሚመራ በጎ ፈቃደኛ መመስገን ያለበት ባስተማረው ቋጠሮ ብዛት ሳይሆን ልጆቹ ሲሠሩ እጁን መሰብሰብ በመቻሉ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ድንኳን ሲተክል ቋጠሮው ይፈታበታል፣ ካስማው ይዘምበታል፣ ሸራው ይረግባል። አዋቂው በአንድ ደቂቃ ሊያቃናው ይችላል። ታግሦ ሲጠብቅ ግን ልጁ ራሱ ነቅሎ መልሶ ይተክላል፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ ለታናሹ ያሳያል። እንዲህ ያለው ትዕግሥት ከማንኛውም የጉልበት ሥራ ይከብዳል።

ስካውትን «ወታደራዊ ሥልጠና ነው» የሚሉ አሉ። መሥራቹ ጄኔራል እንደነበረ፣ ዩኒፎርሙና ሰልፉም ያንን መንፈስ እንደሚያስታውሱ አይካድም። ነገር ግን በጦር ሠፈር ትእዛዝ ከላይ ይወርዳል፤ በደንብ በተያዘ የስካውት ቡድን ልጆቹ መክረው ይወስናሉ። ይበልጥ የሚከብደው ሌላው ወቀሳ ነው። በበጎ ፈቃድ ስም ገብተው ልጆችን የበደሉ ሰዎች ነበሩ፤ የአሜሪካው የስካውት ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በክሱ ብዛት የኪሳራ ጥበቃ እስከ መጠየቅ ደርሷል። መፍትሔው ግን በጎ ፈቃደኛን ማራቅ ሳይሆን አንድ አዋቂ ለብቻው ከልጅ ጋር እንዳይሆን የሚከለክለውን ደንብ ያለ ማወላወል ማክበር ነው። ጊዜው ያላችሁ፣ ይህን ደንብ ተቀብላችሁ ግቡ፤ ልጆቹ ይፈልጓችኋል።