የሰዓቱ ማማና የተደበቀው ስም

ልብ አንጠልጣይ ፊልም ከጊዜ ማሳለፊያነት አልፎ የኅብረተሰብን ኅሊና ሊመረምር ይችላልን? ኦርሰን ዌልስ አዘጋጅቶት በ1946 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የቀረበው «እንግዳው ሰው» የተሰኘው የአሜሪካ ፊልም ለዚህ ጥያቄ አዎንታዊ መልስ ይሰጣል። መልሱ ግን እስከ መጨረሻው የጸና አይደለም። የፊልሙ ጥንካሬም ሆነ ድክመት የሚመነጨው ከአንድ ቦታ፣ ይኸውም የተደበቀን ማንነት ከሚመለከትበት ዐይን ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በኮነቲከት ክፍለ ግዛት፣ ሐርፐር በተባለች የፈጠራ ከተማ ውስጥ ነው። የናዚን የጅምላ ፍጅት የነደፈው ፍራንዝ ኪንድለር ማንነቱን የሚገልጸውን ማስረጃ ሁሉ አጥፍቶ፣ ቻርልስ ራንኪን በሚል ስም የወንዶች ትምህርት ቤት መምህር ሆኗል። የከፍተኛ ዳኛ ልጅ የሆነችውን ሜሪንም ሊያገባ ነው። የጦር ወንጀለኞችን የሚያድነው ዊልሰን አንድ የቀድሞ የናዚ ሹም ከእስር እንዲለቀቅ አድርጎ፣ ዱካውን ተከትሎ ከተማዪቱ ይደርሳል። ራንኪን በሠርጉ ዕለት ያንን የጥንት ባልደረባውን ጫካ ውስጥ አንቆ ይገድለውና ወደ ሠርጉ ይመለሳል።

ከትዕይንቶቹ ሁሉ የላቀው የእራቱ ገበታ ነው። ራንኪን ጥርጣሬን ለማራቅ ጀርመኖችን አጥብቆ ያወግዛል። ዊልሰንም ንጹሕ ሰው ነው ብሎ ሊሄድ ይነሣል። ነገር ግን የማርክስ ስም በተነሣ ጊዜ ራንኪን ማርክስ ይሁዲ እንጂ ጀርመናዊ አለመሆኑን ተናግሮ ነበር። መርማሪው ሌሊት ከእንቅልፉ ባንኖ የዚህን አነጋገር ትርጉም ይረዳል። ስሙን የለወጠ ሰው አስተሳሰቡን አልለወጠም። ስልክ ይዞ ሲጠብቅ ሳያስበው በወረቀት ላይ የስዋስቲካ ምልክት የሚሥለውም ይኸው ሰው ነው። አንደበቱን ቢገራ እጁን አልገራም። ዌልስ እዚህ ላይ የሰውን ሥነ ልቦና ያለ አንዳች ስብከት ያሳያል።

ከወንጀለኛው መደበቅ ይልቅ የሚያስፈራው ግን የወዳጆቹ ላለማየት መወሰን ነው። ዊልሰን ለሜሪ ከማጎሪያ ካምፖች የተቀረጸ እውነተኛ ፊልም ያሳያታል። በልብ ወለድ ፊልም ውስጥ እንዲህ ያለ ማስረጃ መግባቱ በዚያ ዘመን አዲስ ነገር ነበር። እሷ ግን አታምንም። ሎሬታ ያንግ ይህንን እምቢታ የፍቅርና የፍርሃት ድብልቅ አድርጋ ትጫወተዋለች። የከተማውን ወሬ ሁሉ የሚያውቀው ባለሱቁ ፖተርም ከፊቱ የቆመውን ሰው አያውቀውም።

ድክመቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ራንኪን የሚሞተው በገዛ እጁ ባደሰው የማማ ሰዓት ላይ፣ ሰይፍ በያዘ ተሽከርካሪ ሐውልት ተወግቶ ነው። ዐይን የሚማርክ ፍጻሜ መሆኑ አያጠራጥርም። ዳሩ ግን የፍርዱን ሥራ ማሽኑ ስለሚፈጽመው ከሣሽም፣ ዳኛም፣ ምስክርም አያስፈልጉም። ክፋቱም ከባሕር ማዶ መጥቶ የወደቀ እንጂ በከተማዪቱ ውስጥ ሥር የሰደደ ስላልሆነ ነዋሪዎቹ ራሳቸውን ሳይጠይቁ ወደየቤታቸው ይገባሉ። ከባዕዱ ሰው ጋር እንዴት በአንድ ገበታ ተስማምተው እንደኖሩ ፊልሙ ሊጠይቃቸው ይገባ ነበር።

ኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህንን ፍጻሜ በጸጥታ ሊቀበለው አይችልም። የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት ተጠያቂ የነበረው ግራዚያኒ ስሙን መለወጥ እንኳ አላስፈለገውም። የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን በ1948 እ.ኤ.አ. የሚያስከስስ ማስረጃ መኖሩን ቢቀበልም በኢትዮጵያ ለፈጸመው ግፍ ለፍርድ አልቀረበም። በ1950 የኢጣሊያ ፍርድ ቤት የ19 ዓመት እስራት የፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ተለቀቀ። በ2012 ደግሞ በአፊሌ ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። የዌልስ ፊልም ወንጀለኛ የግድ ጭምብል ይለብሳል ብሎ ያምናል። ታሪክ ግን በግልጽ ስማቸው፣ በገዛ አገራቸው፣ ተከብረው የኖሩትን አሳይቷል።

«እንግዳው ሰው» ይህ ጉድለት እያለበትም ሊታይ፣ ሊያወያይም የሚገባ ሥራ ነው። መምህሩም ሆነ የቴአትር ሰው ተንኮለኛን ገጸ ባሕርይ በጩኸት ሳይሆን ባመለጠው አንድ ቃል ማጋለጥ እንደሚቻል ይማርበታል። ሰዓቱ በማማው ላይ ያስፈጸመው ፍርድ ግን የፊልም ፍርድ ነው፤ እውነተኛው ፍርድ የሰው ምስክርነትን ይጠይቃል።