ታፔላው ላይ ያለው በርገር

ናዝሬት ውስጥ (አዳማ ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ምላስ ግን ከካርታ ይዘገያል) ከፍራንኮ ጀምሮ ግራና ቀኝ ታፔላ እያነበበ የሚሄድ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከተማው በሙሉ ያለው አንድ በርገር ነው። ሰላጣው ከዳቦው ጠርዝ ተዘርግፎ የወጣ፣ ቲማቲሙ ላይ የውኃ ጠብታ የተንጠለጠለበት፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ያ በርገር ምግብ ቤቱም ላይ አለ፣ ጁስ ቤቱም ላይ አለ፣ ሽሮና ተጋቢኖ ብቻ የሚሸጠው ቤትም ላይ አለ። ገብታችሁ ብታዙት ግን አይመጣም። የሚመጣው ሌላ በርገር ነው፤ ጠፍጠፍ ያለ፣ ትሑት፣ የሰፈሩን ዳቦ የለበሰ። የታፔላው በርገር እኮ ናዝሬት ውስጥ ተጠብሶ አያውቅም። የት ሀገር፣ ማን እንደጠበሰው የሚነግራችሁም የለም። ከኢንተርኔት ወርዶ ፕላስቲክ ላይ የታተመ ሀገር አልባ በርገር ነው።

የሴቶች ጸጉር ቤቱም ያው ነው። ታፔላው ላይ ያለችው ሴት ጸጉር፣ ውስጥ ወረፋ ከሚጠብቁት ከአንዳቸውም ጸጉር ጋር ዝምድና የለውም። የጥርስ ሐኪሙ ታፔላ ላይ ተደርድሮ የሚስቀው ቤተሰብም ናዝሬትን ረግጦ አያውቅም። አሁን አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መጣና ስድስት ጣት ያላት ቡና አፍይ አመጣልን። ጀበናዋ በየት በኩል እንደሚቀዳ አይታወቅም። ሲኒው ግን በጣም ያምራል።

ይህን የማነሣው በምግብ ቤቶች ላይ ቂም ይዤ አይደለም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ለእኛ የሚሥልልን ማነው?

ድሮ (ድሮ ስል ሩቅ አይደለም) ታፔላ የሚሥል ሰው ነበር። ቆርቆሮውን ቀለም ቀብቶ ያደርቃል፣ በክርና በጠመኔ ያሰምራል፣ ከዚያ በብሩሽ ይጽፋል። ፊደሉ የእጁ ስለነበር አይቶ የሚያውቅ ሰው «ይሄ የእገሌ እጅ ነው» ይል ነበር። ለሥጋ ቤት በሬ፣ ለቡና ቤት ጀበና፣ ለጸጉር አስተካካይ ፍሪዝ የተቆረጠ ጎረምሳ ይሥላል። እውነቱን እንነጋገር ካልን በሬው አንዳንዴ ውሻ ይመስል ነበር። ቢሆንም የናዝሬት ውሻ ነው! ሠዓሊው ያየውን እንስሳ ለመሣል ሞክሮ ነው የሳተው። የዛሬው ታፔላ ግን አይስትም፤ ምክንያቱም ምንም ነገር አላየም። ኮምፒዩተር ቤት ትገባላችሁ፣ ልጁ «የቱን ፎቶ ላውርድ?» ይላችኋል፣ ታትሞ በሰዓት ውስጥ ይደርሳል። ማተሚያ ማሽኑን አልወቅስም፤ ማሽን የሰጡትን ነው የሚያትመው። የምንሰጠው ነገር ማጣታችን ነው የእኛ ችግር።

ለዚህ ሙያ ሌላው ዓለም ስም አለው፤ ኢለስትሬሽን ይሉታል። ለመጽሐፍ፣ ለጋዜጣ፣ ለዕቃ ማሸጊያ፣ ለማስታወቂያ፣ ለመማሪያ ተብሎ፣ አንድን ሐሳብ ለማስረዳት የሚሣል ሥዕል ማለት ነው። በሌላው ሀገር ለብቻው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ይማሩታል፣ ይመረቁበታል፣ እንጀራም ይበሉበታል። እኛ ዘንድ ግን ሥዕል በሁለት መደብ የተከፈለ ይመስላል፤ ጌታ ሥዕልና አገልጋይ ሥዕል። ጌታው ሸራ ላይ ይሣላል፣ ጋለሪ ይሰቀላል፣ መክፈቻው ላይ ወይን ይጠጣለታል። አገልጋዩ ጣሳ ላይ፣ ደብተር ሽፋን ላይ፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ የሠራውን ሰው ስም የሚጠይቅም የለም።

ይህ መደብ ከየት እንደመጣ ይገርመኛል፤ ምክንያቱም ታሪካችን የሚያውቀው አገልጋዩን ነው። ከባቱ (ዝዋይ) በጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ብትሻገሩ፣ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት አሉት። ብራና ላይ ከጽሑፉ ጎን የሚሣለው ሥዕል ምን ነበር? የመጽሐፉ አገልጋይ ነበር፤ ማንበብ ለማይችለው ታሪኩን የሚነግር። ከአርሲ ነገሌ እስከ ሻሸመኔ፣ ከዚያም ወደ ኮፈሌና ዶዶላ በሚወስደው መንገድ ዳር የአርሲ ኦሮሞ መቃብሮችን ተመልከቱ። በደማቅ ቀለም ፈረሰኛው ከነጦሩ፣ ከብቱ፣ ጠመንጃው፣ አንበሳው ተሥሎባቸዋል። ያ ሥዕል ጋለሪ አያውቅም። ሥራው ለአላፊ አግዳሚው «እዚህ ያረፈው ሰው እንዲህ ያለ ሰው ነበር» ብሎ መናገር ነው። እንግዲህ ይሄ ኢለስትሬሽን ካልሆነ ምን ሊባል ነው? በስምጥ ሸለቆ ከሐይቁ ደሴት እስከ አስፋልቱ ዳር ሥዕል ሲያገለግል ነው የኖረው።

ትምህርት ቤቱም ቢሆን አለን። ቺካጎ ተምረው የተመለሱት ሠዓሊ አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ይጠራል። እሳቸው ራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብተው ግድግዳ ላይ የሣሉ ሰው ናቸው። ትምህርት ቤቱ ቀለም ቅብን፣ ቅርጻ ቅርጽን፣ ግራፊክስን አስተምሯል። ጠንካራ ሠዓሊዎችንም አፍርቷል። ግን ከሀገሩ ስፋት ጋር ስናስተያየው ለመቂው፣ ለአርሲ ነገሌው፣ ለሞጆው ልጅ ያ በር ሩቅ ነው። ናዝሬት ያለው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የዛሬው አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ስሙ እንደሚለው የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቤት ነው። ሕንፃ መንደፍ ትማሩበታላችሁ። የሕንፃው በር ላይ የሚሰቀለውን ታፔላ ግን ማን ይንደፈው?

በሀገር ደረጃም እ.ኤ.አ. ከ2008 በኋላ ከ100 ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ተብሎ ሲደለደል ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ስሌት ውስጥ እርሳስ የያዘ ልጅ የት ይግባ? ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በዚህ ድልድል ቢያልፉ ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። እዚያ ሲደርሱ ወደ ሥዕል ዞሩ። የአፍሪካ አዳራሽን ባለ ቀለም መስታወት የሠሩት፣ ለፖስታ ቴምብር የሣሉት እኒያ ሰው ናቸው። ልብ በሉ፤ ቴምብርም መስታወትም አገልጋይ ሥዕል ነው። አንዱ ለደብዳቤ፣ ሌላው ለሕንፃ ያገለግላል። አንድ የማዕድን መሐንዲስ ጎደለብን ብሎ ያለቀሰ ሰው ግን አልሰማሁም።

አንዲት የመቂ ልጅ በአንድ ወቅት ጠይቃኝ ነበር። «ጋሼ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሥዕል ልማር ብዬ ለአባቴ ብነግረው 'እሱን በትርፍ ሰዓትሽ' አለኝ። እውነት ሥዕል ተምሬ ምን እሆናለሁ?» ሥራዋን እንድታሳየኝ ጠየቅኋት። መጀመሪያ ያሳየችኝ ስልኳ ላይ ያለውን ነው፤ ከጃፓን ካርቱኖች የተገለበጡ ዓይነ ትልልቅ ልጃገረዶች። እጇ ይገርማል፤ አንድ መስመር አልሳተችም። ጓደኞቿ የሚያደንቋት በእነዚህ ነው። ስትጨርስ በሂሳብ ደብተሯ የኋላ ገጾች ላይ ያለውን እንዳታሳየኝ ለመሸፈን ሞከረች። ቲማቲም በሣጥን ኢሱዙ ላይ የሚጭኑ ልጆች ነበሩበት። አንዱ ሣጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ወገቡ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። የክብደቱ ነገር ከወገቡ ይታያል። ሹፌሩ ጥላ ስር ቁጭ ብሎ ጫት ይቀነጥባል። መስመሩ እዚህም እዚያም ተበላሽቷል፣ ተፍቋል፣ እንደገና ተሞክሯል። «ይሄ እኮ ዝም ብሎ ነው» አለችኝ።

የትምህርታችን ጉድለት ለእኔ እዚህ ላይ ነው የታየኝ። ልጅቷ የሰውን ሥራ ስትገለብጥ «ሠዓሊ» ትባላለች፤ ያየችውን ስትሥል «ዝም ብሎ ነው»። መገልበጥ በራሱ ኃጢአት አይደለም። የጥንቱ የቤተ ክህነት ሠዓሊም ሥራውን የሚለምደው የመምህሩን ሥዕል እየገለበጠ ነበር። መገልበጥ በር ነው፤ በር ላይ ቆሞ የሚያረጅ ግን የለም። እኛ ጋ ትምህርት ቤት ውስጥ ጎበዝ የሚባለው ፎቶግራፍ አስመስሎ የሚሥለው ነው፤ የታዋቂ ሰው ፎቶ በእርሳስ፣ ቅንድቡ ሳይቀር። ፎቶውን ካሜራ አንስቶት የለም እንዴ? ያን ለመድገም ሦስት ሳምንት ማጎንበስ ትዕግሥትን ያሳይ ይሆናል። ዓይንን ግን አያሳይም። በዚህ ላይ ዛሬ ማሽኑ በደቂቃ የሚያስመስል ከሆነ፣ በማስመሰል ብቻ የሠለጠነ ልጅ ነገ ምን ይዞ ገበያ ይወጣል? ማሽኑ መቂ ላይ ሣጥን ተሸክሞ ወገቡ ተጣሞ አያውቅም። ልጅቷ ያንን አይታለች። ሀብቷ ያ ነው።

አንድ ሠዓሊ የራሱ የሥራ ልማድ ሊኖረው ይገባል ሲባል ብዙ ሰው መነሳሳት፣ ሌሊት መንቃት፣ ጸጉር ማሳደግ ይመስለዋል። እንደኔ ከሆነ ደብተር ነው። በየቀኑ የሚከፈት፣ ለማንም ለማሳየት ያልታሰበ፣ አንድን ነገር ደግሞ ደጋግሞ የሚጠይቅ ደብተር። ኤልያስ ስሜን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በግራፊክስ ተመረቀ። ዓለም ያወቀው ግን በትምህርት ቤቱ ቀለም አይደለም። ከመርካቶ በሚለቃቅመው ቁልፍ፣ ክዳን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የተጣለ የኮምፒዩተር አካል ነው። ትምህርቱ እጅ ሰጠው፤ ምን እንደሚያይ የመረጠው ግን ራሱ ነው፣ ዓመታት ፈጅቶ።

የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ደግሞ ለዚህ ዓይነት ደብተር የታደሉ ናቸው። ዝዋይ ዳር ዓሣ ሲቆረጥ እንደ ጡረታ የወጣ ዳኛ አቀርቅሮ የሚጠብቀው አባ ኮዳ አለ። ናዝሬት ላይ ከጋሪ ፈረሱ ጀርባ፣ ኮረብታው ላይ ከ100 በላይ የነፋስ ማመንጫዎች ይሽከረከራሉ። ፈረሱና ነጩ ክንፍ በአንድ ገጽ! ይህን ያልሣለ የናዝሬት ሠዓሊ ምን እየጠበቀ ነው?

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፊደሉ ነው። ናዝሬት ታፔላ ላይ አፋን ኦሮሞ በላቲን፣ አማርኛ በግእዝ ፊደል፣ ብዙ ጊዜም እንግሊዝኛ አንድ ላይ ይሰፍራሉ። «ምግብ ቤት» አምስት ፊደል ነው። ያው ነገር በኦሮምኛ «መነ ኛታ» ሲባል በቁቤ 11 ፊደል ይሆናል። አንዱ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ፣ ሌላው ረጅምና የተዘረጋ። ሁለቱን አንዱ ሌላውን ሳይጫን፣ አንዱ እንግዳ ሌላው ባለቤት ሳይመስል በአንድ ሰሌዳ ላይ እንዴት ታስቀምጣለህ? ይሄ ለዲግሪ መመረቂያ የሚበቃ ጥያቄ ነው፤ ደግሞም የእኛ ነው፤ ውጭ ሀገር ሆኖ የሚመልስልን የለም። ዛሬ የሚመልሰው ኮምፒዩተር ቤቱ ነው። እንዴት? ረጅሙን ጨፍልቆ፣ አጭሩን ለጥጦ። ከዚያ በኋላ ቃላቱ ተኮራርፈው ጎን ለጎን ይቆማሉ። አዳማ ላይ የኢለስትሬሽንና የፊደል ጥበብ ክፍል ቢከፈት የመጀመሪያው ቀን የቤት ሥራ በሩ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል።

ደንበኛውንም ሳልወቅስ አላልፍም። «ወንድሜ፣ ይሄን ለመሣል እኮ አሥር ደቂቃ አልፈጀብህም!» የምንል ሰዎች ነን። አሥሩ ደቂቃ ከአሥር ዓመት ደብተር እንደወጣ አናስብም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂና ተዛማጅ መብቶችን ሲደነግግ ሥዕልንም ከሚጠበቁት ሥራዎች አንዱ አድርጎታል። የሠራው ሰው ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብትም አለው። ሕጉ ይህን ካለ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ግን የልጆች መጽሐፍ ስንገዛ የሣለው ማነው ብለን ገልጠን አናይም።

የልጆች መጽሐፍ ካነሣሁ አይቀር፤ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሳሉ በብዙ ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ሲያዩ የአማርኛ አጡ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2002 «ቂሉ ማሞ»ን በሥዕል አሳተሙ። ሀገር ቤት ተመልሰው የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ እስከ ማዞር ደረሱ። አህያዋ መጽሐፉን ታደርሳለች። መጽሐፉን ሲገልጥ ልጁ የሚያገኘው በረዶ ላይ የሚንሸራተት ሌላ ልጅ ከሆነ ግን፣ የራሱ መንደር ለመጽሐፍ የማይበቃ ቦታ እንደሆነ ገና ፊደል ሳይቆጥር ይማራል። ይህን ትምህርት በኋላ የትኛውም ዩኒቨርሲቲ አያስረሳውም።

የመቂዋን ልጅ «ተማሪው» አልኳት። ባይሳካም ደብተሩን እንዳትዘጊው አልኳት። ለአባቷም መልእክት ልኬያለሁ። ሰውየው ቲማቲም አምራች ናቸው። አንድ ቀን ያ ቲማቲም መቂ ላይ ተፈጭቶ በጣሳ መታሸጉ አይቀርም፤ ጣሳው ደግሞ ሥዕል ይፈልጋል። የማን ሀገር ቲማቲም ቢሣልበት እንደሚሻል ከወዲሁ ያስቡበት። የሚያውቀውን ሰው ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ ማታ ማታ እራት የምታቀርብላቸው እሷው ናት።