ሳይቸግር ዘር መብላት

ከጋይንት፣ ከስማዳም ሆነ ከእስቴ ለጉዳይ ባህር ዳር የወረደ ሰው፣ ጉዳዩ ባይሳካለት እንኳ አሳ ሳይበላ አይመለስም። እኔም አንድ ነሐሴ ላይ እንደ አገሬ ሰው አዘዝኩ። «ምን አሳ ነው?» አልኩት አስተናጋጁን። «አሳ ነዋ ጋሼ!» አለኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሳቁብኝ። ሥጋ ቤት ገብተን ሽንጥ ወይስ ዳቢት ብለን የምንከራከር ሰዎች፣ አሳ ላይ ስንደርስ ጥያቄ ያልቅብናል።

መጠየቅ ግን ነበረብን። የጣና ነጭ አሳ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አብዛኞቹ ዝርያዎቹ ከጣና ውጪ የትም አይገኙም። የእነሱ ቢጤ የነበረው በፊሊፒንስ የላናኦ ሐይቅ የአሳ ስብስብ ጠፍቷል። ከጣናዎቹ ቢያንስ 7ቱ በክረምት፣ በተለይ በነሐሴና በመስከረም፣ እንደ ጉማራ ያሉ ከጉና ተራራችን የሚነሱ ወንዞችን ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ። መረቡ የወንዙ አፍ ላይ ይጠብቃቸዋል። ከላይ ደግሞ ብርብራ ወቅጦ ውሃው ውስጥ የሚበትን አለ። ተመራማሪዎች ከ1983 እስከ 1993 ባሉት ዓመታት የአዋቂው ነጭ አሳ ብዛት በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳይተዋል።

ጥፋቱን አስጋሪው ላይ መለጠፍ ይቀናናል። ገዥ ባያገኝ ግን በነሐሴ ጎርፍ መረብ ይዞ ምን ያደርጋል? በፍልሰታ አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እተወዋለሁ። የአሳ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995ም ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አዋጅ ግን ገበታ ድረስ ተከትሎን አይመጣም።

የሚፈለግብን ብዙ አይደለም። ከሐምሌ እስከ መስከረም ነጭ አሳ ይቅርብን። ቆሮሶ ወይም አምባዛ ካለ እሱን እንዘዝ፤ እሱንም ቢሆን ሳያድግ የተያዘውን አንግዛ። ጥያቄው ደግሞ ከማዘዛችን በፊት ይሁን፤ ዱለት ከሆነ በኋላ ማን ይለየዋል?

«የእኔ አንድ ሳህን ምን ያጎድላል?» የሚል አይጠፋም። እሱን የምመልሰው ወደ አገራችን ጎተራ ነው። ክፉ ቀን አይተናል፤ ለዘር ያስቀመጠውን እህል እያለቀሰ የቆረጠመ ገበሬም እናውቃለን። እሱስ ቸግሮት ነው። እኛ ግን ሳይቸግረን፣ ሎሚ ጨምቀንበት ዘር እየበላን ነው።