የኢንተርኔት ሰነድ መሣሪያዎች በዩኒቨርሲቲ የጽሑፍ ሥራ፦ ሂሳዊ ግምገማ

መግቢያ

በዩኒቨርሲቲ ትምህርት የጽሑፍ ሥራ ዐቢይ ቦታ አለው። ተማሪው ያነበበውን መርምሮና ሐሳቡን አደራጅቶ ለሌላው እንዲገባ አድርጎ የሚያቀርበው በጽሑፍ ነውና። ይህ ሥራ ቀደም ሲል በወረቀት፣ ኋላም በፍላሽ ተገልብጦ ወይም በኢሜይል ተያይዞ ለመምህሩ ሲደርስ ቆይቷል። ዛሬ በብዙ ተቋማት ዘንድ ሥራው የሚጻፈውም፣ የሚታረመውም፣ የሚቀመጠውም በተለምዶ «ክላውድ» በሚባለው፣ ማለትም በኢንተርኔት አማካይነት በሚደረስበት የሌላ ድርጅት ኮምፒዩተር ላይ ሆኗል። ከእነዚህ አገልግሎቶች መካከል ጉግል ዶክስ በሰፊው የታወቀ በመሆኑ ግምገማው በአብዛኛው በእርሱ ላይ ያተኩራል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ይኸውም መሣሪያው ለመማር ማስተማሩ ምን ይሰጣል፣ ምንስ ያሳጣል የሚለው ነው።

ሀ. የመሣሪያው አመጣጥና ባሕርይ

የጉግል ዶክስ መነሻ አፕስታርትል የተባለ አነስተኛ ድርጅት ያዘጋጀው «ራይትሊ» የተሰኘ የጽሕፈት አገልግሎት ነው። ጉግል ይህን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ገዛ፤ ኋላም አገልግሎቱን ለትምህርት ተቋማት ያለ ክፍያ ማቅረብ ጀመረ። በ2012 ጉግል ድራይቭ የተባለው ማከማቻ፣ በ2014 ደግሞ መምህሩ የቤት ሥራ የሚሰጥበትና የሚሰበስብበት ጉግል ክላስሩም ተጨመሩ።

መሣሪያው ከተለመደው የኮምፒዩተር ጽሕፈት የሚለይባቸው ዋና ባሕርያት ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ ሰነዱ አንድ ብቻ ነው። አምስት ተማሪዎች አምስት ግልባጭ ይዘው የትኛው የመጨረሻው እንደ ሆነ አይከራከሩም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ በአንድ ገጽ ላይ ይጽፋሉ። ሁለተኛ፣ በሰነዱ ላይ የሚደረገው ለውጥ ከለዋጩ ስምና ከሰዓቱ ጋር ይመዘገባል፤ ወደ ኋላ ተመልሶም ጽሑፉ በየዕለቱ ምን ይመስል እንደ ነበር ለማየት ይቻላል። ለትምህርት ሥራ ከማከማቻው ስፋት ይልቅ የሚበልጠው ጥቅም ይህ የለውጦች መዝገብ ነው።

ለ. መዝገቡ ለመምህሩ የሚሰጠው ማስረጃ

የቡድን ሥራ ሲሰጥ የሚደርሰውን ችግር የማያውቅ መምህር የለም። ወረቀቱ የአምስት ተማሪዎችን ስም ይዞ ይቀርባል፤ ሥራውን የሠሩት ግን አንዱ ወይም ሁለቱ ናቸው፤ የቀሩት ስማቸውን ብቻ አስጽፈዋል። መምህሩ ያለቀውን ጽሑፍ ብቻ ስለሚያይ ለሁሉም እኩል ማርክ ይሰጣል። በዚህም የደከመው ይበደላል፤ ያልደከመውም ሳይማር ያልፋል።

የለውጦች መዝገብ ይህን ስውር ሂደት ወደ ብርሃን ያወጣዋል። ከማስረከቢያው ቀን በፊት በነበረው ሌሊት የተጻፈው ሥራ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ተጽፎ፣ ተሰርዞና ተስተካክሎ ከበሰለው ይለያል። የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪም በኅዳጉ የሰጠው አስተያየት በሥራ መዋሉን አለመዋሉን ከቀጣዩ እርማት ጋር አነጻጽሮ ማየት ይችላል። ጽሑፍ በተደጋጋሚ እርማት የሚገነባ መሆኑን ለማስተማር ከዚህ የቀረበ መሣሪያ በቀላሉ አይገኝም።

ይሁን እንጂ በተግባር የሚታየው አሠራር ይህን ጥቅም ያባክነዋል። ተማሪዎች በጋራ ከጻፉ በኋላ ሰነዱን ወደ ወርድ ወይም ወደ ፒዲኤፍ ለውጠው ይልካሉ፤ መምህሩም የሚቀበለው ይህንኑ ነው። የለውጦቹ መዝገብ ከተለወጠው ሰነድ ጋር አይሄድም። የሰነዱ ግልባጭ ሲወጣም ግልባጩ አዲስ መዝገብ ይጀምራል እንጂ የቀድሞውን አይወርስም። በመሆኑም ከፍ ያለ ችሎታ ያለው መሣሪያ የፖስታ ሣጥን ሥራ ብቻ እየሠራ ይቀራል። ጉድለቱ የአጠቃቀም እንጂ የመሣሪያው አይደለም።

ሐ. የማስረጃው ድካም

በሌላ በኩል መዝገቡን እንደ ፍጹም ዳኛ መቁጠር ሌላ በደል ያስከትላል። መዝገቡ የሚያሳየው የጻፈውን እጅ ነው፤ ያሰበውን አእምሮ አያሳይም። ከቡድኑ መካከል ላፕቶፕ ያለው አንድ ተማሪ ብቻ ሲሆን፣ የቀሩት አጠገቡ ተቀምጠው ሲከራከሩና ሲያስጽፉት ቢያመሹ፣ መዝገቡ የሚያውቀው የባለ ላፕቶፑን ስም ብቻ ነው። በወረቀት አርቅቆ ለጓደኛው የሰጠ፣ ወይም ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ምንጭ ሲያፈላልግ የዋለ ተማሪ በመዝገቡ ውስጥ የለም። በአንጻሩ ከሌላ ቦታ የተቀዳ ረጅም አንቀጽ በአንድ ቅጽበት ሲለጠፍ በለጣፊው ስም ይመዘገባል። ወደ አካውንቱ ሳይገባ በሊንክ ብቻ የጻፈ ሰው ደግሞ ስሙ አይታወቅም። በተጨማሪም አገልግሎቱ ቦታ ለመቆጠብ ሲል በየጊዜው የተመዘገቡትን ለውጦች አንድ ላይ ሊያጠቃልላቸው ይችላል።

ስለዚህ መዝገቡ ለጥያቄ መነሻ እንጂ ለፍርድ መድረሻ ሊሆን አይገባም። መምህሩ የቡድኑን አባላት በየተራ ጠርቶ ስለ ሥራው ጥቂት የቃል ጥያቄ ቢጠይቃቸው፣ መዝገቡና የቃል መልሱ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ።

መ. የማከማቻው ባለቤትነት

«በሰው ወርቅ አይደምቁ» የሚለው የአበው ቃል ለዚህ ጉዳይ ተስማሚ ነው። ጉግል ለትምህርት ተቋማት ገደብ የሌለው ማከማቻ ለብዙ ዓመታት ያለ ክፍያ ሲሰጥ ቆይቶ፣ በ2021 ይህ እንደሚቀር አስታወቀ። ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ለአንድ ተቋም በጋራ የተመደበው መነሻ መጠን 100 ቴራባይት ሆነ። ይህ ቁጥር ሲሰሙት ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን 40,000 አካውንት ላለው ዩኒቨርሲቲ ሲካፈል ለአንድ ሰው የሚደርሰው 2.5 ጊጋባይት ብቻ ነው። ለማንኛውም ግለሰብ በነፃ ይሰጥ ከነበረው 15 ጊጋባይት እንኳ ያንሳል። ለጽሑፍ ሰነድ ቢበቃም፣ የትምህርት ቪዲዮና የምርምር መረጃ ሁሉ በዚያው ላከማቸ ተቋም ዕቅድን ያናጋል። ማይክሮሶፍትም ከዚህ በኋላ በትምህርት አገልግሎቱ ላይ ተመሳሳይ ገደብ አድርጓል።

ከመጠኑ ሌላ የቁጥጥር ጥያቄም አለ። ጥቅምት 31 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ.) በጉግል የአሠራር ስሕተት ምክንያት አንዳንድ ሰነዶች ደንብ የጣሱ ተደርገው ተቆጥረው ባለቤቶቻቸው ሊከፍቷቸው አልቻሉም ነበር። ስሕተቱ ወዲያው ቢታረምም፣ የሰነዱ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ አሳይቷል። በኔዘርላንድ የትምህርት ተቋማት አገልግሎቱ በተማሪዎች የግል መረጃ ላይ የሚያስከትለውን አደጋ አስጠንተው፣ በ2021 በጋራ ተደራድረው የአጠቃቀሙን ውል አሻሽለዋል። በኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ ወጣ፣ የተማሪዎችን ሥራና ውጤት ከአገር ውጭ በሚገኝ ኮምፒዩተር የሚያስቀምጥ ተቋም የውሉን ቃል የመመርመር ኃላፊነት አለበት።

ሠ. የግንኙነት ጉዳይ

መሣሪያው ያለ ኢንተርኔት መስመር እንዲሠራ የሚያስችል መንገድ አለው፤ ነገር ግን ይህ አስቀድሞ መስመር ባለበት ጊዜ መዘጋጀት ይኖርበታል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) የገጽ ለገጽ ትምህርት ካቋረጡ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ተቋርጦ ነበር። ከዓመቱ መጨረሻ አንሥቶ ደግሞ በትግራይ መቋረጡ እጅግ ረዘም ላለ ጊዜ ዘልቋል። በእንዲህ ያለ ወቅት የመመረቂያ ጽሑፉ ብቸኛ ቅጂ በክላውድ የተቀመጠበት ተማሪ ከገዛ ሥራው ጋር ይለያያል። መስመር ባልተቋረጠበት ጊዜም ቢሆን፣ በግቢ ውስጥ ዋይፋይ የሚያገኘውና ከገጠር ቤተሰቡ ዘንድ ሆኖ የሞባይል ዳታ በገንዘቡ እየገዛ የሚጽፈው ተማሪ በእኩል መስመር ላይ አይቆሙም። የማስረከቢያ ሰዓትን በደቂቃ የሚቆጥረው ሥርዓት ይህን ልዩነት አይለይም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደ ተመለከተው፣ የኢንተርኔት ሰነድ መሣሪያ እንደ ጽሕፈት ዐውደ ጥናት ሲያገለግል ጥቅሙ ከፍተኛ ነው፤ እንደ ብቸኛ ጎተራ ሲታመን ግን አደጋ አለው። ከዚህ በመነሣት ሦስት ነጥቦችን ማስገንዘብ ይቻላል። በመጀመሪያ፣ መምህራን የቡድን ሥራን ሲቀበሉ ከተለወጠው ቅጂ ጋር የመጀመሪያውን ሰነድ እንዲያዩ ይፈቀድላቸው፤ ማርክ ከመስጠታቸው በፊትም መዝገቡን በቃል ጥያቄ ያረጋግጡ። ሁለተኛ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በየወሩ ወደ ተማሪው ኮምፒዩተር ወይም ፍላሽ፣ ያለቀውም ወደ ዩኒቨርሲቲው የራሱ ማከማቻ ይገልበጥ። ሦስተኛ፣ የዕቅድ ባለሙያዎች አንድን አገልግሎት ነፃ ነው ብለው ከመቀበላቸው በፊት፣ ነፃነቱ በቀረ ዕለት ሥራው በምን እንደሚቀጥል በዕቅዳቸው ያስፍሩ።

ተማሪው ያለፈበትን ድካም መምህሩ ለማየት የቻለበት ዘመን መጥቷል። ይህ ዕድል ፍሬ የሚሰጠው መምህሩ መዝገቡን ከፍቶ ሲያይ፣ ካየም በኋላ ተማሪውን ሲጠይቅ ነው።