የመቀንጨር ባለቤት ማን ነው?

የኢትዮጵያ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስወገድ በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. የገባው ቃል በሰቆጣ ከተማ ስም ተሰይሟል። ስያሜው ያለ ምክንያት አልተመረጠም፤ ሰቆጣና በዙሪያዋ ያሉት የዋግ ኽምራ ወረዳዎች በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች መካከል ናቸውና። የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከታወጀ ወዲህ «መቀንጨር» የሚለው ቃል ከሕክምናው ዓለም ወጥቶ የሪፖርት፣ የሬዲዮና የሥልጠና መድረክ የዘወትር ቃል ሆኗል። ይሁን እንጂ ቃሉ ከእንግሊዝኛው አቻው ሲወረስ አንድ ቁም ነገር መንገድ ላይ ቀርቷል።

«ስታንት» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ ተሻጋሪ ነው። ዕድገትን መግታት፣ ማቀጨጭ ማለት ሲሆን፣ ጉዳቱን የሚያደርስ ባለቤትና ጉዳቱ የሚደርስበት ተሳቢ ይፈልጋል። በተደራጊ መልክ ሲነገር እንኳ «ዕድገቱ የተገታ ሕፃን» ማለት ስለሆነ፣ ሰሚው «ማን ገታው? ምን ገታው?» ብሎ እንዲጠይቅ በር ይከፍታል። በአማርኛ «ሕፃኑ ቀነጨረ» ሲባል ግን ግሡ ኢተሻጋሪ ነውና ባለቤቱ ሕፃኑ ራሱ ይሆናል። እንደ «ረዘመ» እና እንደ «ወፈረ» ሁሉ ነገሩ ከሕፃኑ ተፈጥሮ የመነጨ ይመስላል። በእንግሊዝኛው ተሳቢ የነበረው ተጎጂ በአማርኛው አድራጊ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ጉድለቱ የቋንቋው አይደለም። አማርኛ «ገታ»፣ «አቀጨጨ»፣ «ጎዳ» የሚሉ ተሻጋሪ ግሦች አሉት። ገበሬው «አረሙ ሰብሉን አቀጨጨው» ይላል እንጂ ጥፋቱን በሰብሉ ላይ አይጥልም። ለማሳ የተሰጠው ፍርድ ለሕፃን የተነፈገው በጸሐፊዎች ልማድ ነው።

ልማዱ በሕክምና ሥራ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። «ልጅሽ ቀንጭሯል» የተባለች እናት ከዚህ ዓረፍተ ነገር የምትረዳው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ልጇ ጎደሎ ሆኖ ተወልዷል፣ ወይም እርሷ በአግባቡ አላሳደገችውም። ነገር ግን የዕድገት መገታት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከእርግዝና ነው። የእናቲቱ በቂ ምግብ አለማግኘት፣ ያለዕድሜ ጋብቻና እርግዝና፣ ከስድስት ወር በኋላ የሚሰጠው ተጨማሪ ምግብ ማነስና አንድ ዓይነት መሆን፣ ንጹሕ ካልሆነ ውኃ የሚመጣ ተደጋጋሚ ተቅማጥ የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። ቤተ ክርስቲያን በሕፃናት ላይ ጾም ባትጥልም፣ የጾም ዕቃ እንዳይነካካ በሚል ስጋት ከሕፃኑ የሚቀር ወተትና እንቁላልም አለ። በዋግ ደግሞ የዝናብ እጥረትና የተሸረሸረ ተዳፋት መሬት፣ በ2014 ዓ.ም. ሕዝብ ያፈናቀለው ጦርነትም ይታከሉበታል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከአንዲት እናት አቅም በላይ ናቸው።

በሪፖርቶች ላይም ችግሩ ያው ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የሀገሪቱ ሕፃናት 38 ከመቶ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46 ከመቶ የሚሆኑት «የቀነጨሩ» ተብለው ተመዝግበዋል። አኃዙ የጉዳቱን ስፋት ያሳያል፤ ጎጂውን ግን አይናገርም። ከዚህም በላይ ቃሉ የተመሠረተው የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዕድገት መለኪያ ላይ ነው። ቁመቱ ለዕድሜው ከመለኪያው አማካይ ከሁለት መደበኛ ልይይት በላይ ዝቅ ያለ ሁሉ ቀነጨረ ይባላል። ይህ ለሕዝብ ጤና ግምገማ የሚበጅ መስፈርት ነው፤ ለአንድ ሕፃን ግን ምርመራው የሚጀምርበት ነጥብ እንጂ የሚደመደምበት አይደለም። አጭር ቁመት ከወላጆቹ የወረሰ ጤነኛ ልጅም ከመስመሩ በታች ሊገኝ ይችላልና።

ቃሉ ሥር ሰድዷል፣ አሁን መለወጡ ግራ ያጋባል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተቃውሞውም ተገቢ ነው። አድራጊ መፈለግም አንድን ወገን ብቻ ወደ መክሰስ እንዳያመራ መጠንቀቅ ያሻል። «ድርቅ አቀጨጨው» ብሎ ሁሉን ለሰማይ መተው ጥፋተኛውን ከመሰወር አይለይም። የሚፈለገው ቃሉን መጣል ሳይሆን ብቻውን እንዳይቆም ማድረግ ነው። በሕሙማን ካርድ ላይ «ቀንጭሯል» ብሎ ከማቆም፣ «ተደጋጋሚ ተቅማጥና የምግብ ዓይነት ማነስ ዕድገቱን ገትተውታል» ብሎ መጻፍ ሕክምናውንም ይጠቁማል። እናቲቱ አፏን በኽምጣና የፈታች ከሆነች ደግሞ አስተርጓሚው የተላለፈው ሐሳብ የልጁን ጉድለት ይሁን የደረሰበትን ጉዳት የሚገልጽ መሆኑን ሊጠየቅ ይገባል።

የሰቆጣ ቃል ኪዳን ጤናን፣ ግብርናን፣ ውኃንና ትምህርትን በአንድነት ተጠያቂ ማድረጉ የጉዳቱ አድራጊ ብዙ መሆኑን ማመን ነው። ዕቅዱ የተቀበለውን እውነት ዓረፍተ ነገሩም ሊቀበለው ይገባል። ሕፃኑ የግሡ ባለቤት ሆኖ በቀጠለ ቁጥር፣ ተጠያቂ የሆኑት ሁሉ ከዓረፍተ ነገሩ ውጭ ቆመው ይመለከቱታል።