የድንጋይ ካባና የጎረቤት ግድግዳ

የሐይቅና የአምባሰል ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በየተራ እየፈሰሰ የተደራረበ ቅልጥ አለት ነው። ለአስፋልት ጠጠርም ሆነ ለኮንክሪት ተፈላጊ ነው። ካባ የሚከፈተው ግን መኪና በሚደርስበት ቦታ ነው፤ ሰውም ቤቱን የሚሠራው ከደሴ በሐይቅና በውጫሌ አልፎ ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ ተጠግቶ ነው። ስለዚህ የፈንጂ ባለሙያ ድንጋዩን ሲሰብር ግድግዳውንም ማትረፍ አለበት።

ድንጋይ ከመስበር የተረፈው የፈንጂ ኃይል በመሬት ውስጥ ንዝረት ሆኖ ይጓዛል፤ የሚለካውም በሚሊ ሜትር በሰከንድ ነው። መጠኑን የሚወስኑት ርቀቱ፣ የመሬቱ ዓይነትና በአንድ ቅጽበት የሚፈነዳው ፈንጂ ናቸው። በባለሙያው እጅ ያለው የመጨረሻው ብቻ ነው። 76 ሚሊ ሜትር ስፋትና 10 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ፣ ላዩ 2 ሜትር ከተደፈነ፣ ወደ 30 ኪሎ አንፎ (በናፍጣ የታሸ አሞኒየም ናይትሬት) ይይዛል። 20 ጉድጓድ በአንዴ ቢፈነዳ 600 ኪሎ ነው። የአሜሪካ የገጸ ምድር ድንጋይ ከሰል ደንብ ከ90 እስከ 1,500 ሜትር ገደማ ላለ ቤት አንድ ቀላል ስሌት ይጠቀማል፦ ርቀቱ በሜትር፣ ለፈንጂው ኪሎ ስኩዌር ሩት ይካፈላል፤ ውጤቱ ከ25 ካነሰ ንዝረቱን በመሣሪያ ሳይለኩ ማፈንዳት አይቻልም። ቤቱ 300 ሜትር ላይ ከሆነ 600ው ኪሎ 12 ይሰጣል። እያንዳንዱ ጉድጓድ ቢያንስ በ8 ሚሊ ሰከንድ ተለያይቶ በዲሌይ ከፈነዳ ግን የሚቆጠረው 30 ኪሎ ብቻ ነው፤ ውጤቱም 55 ይሆናል። ድንጋዩ ያንኑ 600 ኪሎ አግኝቷል፤ ቤቱ ላይ የሚደርሰው ንዝረት ግን ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። የሙያው ዋና ጉዳይ ይኸው ነው።

መሬቱም የራሱ ጣጣ አለው። ዋልካና በሐይቁ ዳር ያለው ለስላሳ ደለል የንዝረቱን ድግግሞሽ ያዘገየዋል። አንድ ፎቅ ቤት በራሱ የሚወዛወዘው በሰከንድ ከ4 እስከ 12 ጊዜ ስለሆነ ዝግ ያለ ንዝረት ሲደርሰው አብሮ ይወዛወዛል። የአሜሪካ ማዕድን ቢሮ በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ለልስን ግድግዳ በዝቅተኛ ድግግሞሽ 12.7 ሚሊ ሜትር በሰከንድ ፈቅዷል፤ የጀርመን ደረጃ ለመኖሪያ ቤት 5፣ ለቅርስ 3 ይላል። ሁለቱም በጭቃ ለተያያዘ የድንጋይ ካብና ለማገር ቤት የወጡ አይደሉም፤ ስለዚህ ጥብቁን መያዝ ይሻላል። ሐይቅ እስጢፋኖስን በመሰለ ጥንታዊ ገዳም አጠገብ ከ3 በላይ ማሰብ አይገባም።

ቁፋሮውን በዓይን መከታተል ከስሌቱ አይተናነስም። ከመሰርሰሪያው የሚወጣው ግራጫ ብናኝ ድንገት ቀልቶ መሰርሰሪያው ሳይታገል ከሰመጠ፣ በሁለት የድንጋይ ንብርብር መካከል ያለ ለስላሳ አፈር ተገኝቷል ማለት ነው። እዚያ ፈንጂ ከተሞላ ጋዙ በዚያው ሾልኮ ድንጋይ ይወረውራል። ያ ክፍል በጠጠር ይደፈናል እንጂ ፈንጂ አይገባበትም። የጉድጓዱ አፍም በቁፋሮ ብናኝ ሳይሆን ጥርስ ባለው የተፈጨ ጠጠር መደፈን አለበት፤ ብናኝ እንደ ዱቄት ይተፋና ጋዙ የአየር ግፊት ሆኖ ያመልጣል። መስኮት የሚያንቀጫቅጨውና አቤቱታ የሚያስነሳው ብዙ ጊዜ በአየር የሚመጣው ይህ ግፊት ነው።

ሰው ከ1 ሚሊ ሜትር በሰከንድ በታች ያለ ንዝረት ይሰማዋል፤ ቤቴ ሊፈርስ ነው ያለ ጎረቤት ዋሸ አይባልም። በሌላ በኩል ዋልካ በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ፈንጂ ያልሰማ ቤትም ይሰነጠቃል። ክርክሩን የሚፈታው ከመጀመሪያው ፍንዳታ በፊት የሚደረግ ምዝገባ ነው፦ እያንዳንዱ ስንጥቅ ፎቶ ይነሳል፣ ጫፉ በእርሳስ ምልክትና ቀን ይደረግበታል፣ ባለቤቱና ቀበሌው ይፈርማሉ። ሰዓቱም የታወቀ ይሁን፤ በጁምአ ሰላት፣ በገበያ ቀን፣ መስከረም 21 የግሸን ተጓዥ በሚያልፍበት መንገድ አጠገብ አይፈነዳም።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ (ቁጥር 299) በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ወረቀቱ ብቻውን ግን ግድግዳ አያተርፍም። መለኪያው ከካባው አጥር ሥር ሳይሆን ከቅርቡ ቤት መሠረት አጠገብ ይቀመጥ፤ የእያንዳንዱ ፍንዳታ ውጤትም ለቀበሌው ይሰጥ። ይህን የማያደርግ ካባ ቤት አጠገብ ሊሠራ አይገባውም።