ስለ «ዝቃጭ» እና ስለ «የመስተዋት ሸክላ»

ለግምገማ በደረሰን የብረታ ብረት ሙያ ቃላት ረቂቅ፣ በእንግሊዝኛ «ስላግ» የሚባለው የምድጃ ተረፈ ምርት «ዝቃጭ» ተብሏል። ዘቀጠ ማለት ወርዶ ከሥር ተቀመጠ ማለት ነው። ስላግ ግን ከቀለጠው ብረት ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል፤ ቃሉን አምኖ ከሥር የሚፈልግ ተማሪ የሚያገኘው ብረቱን ነው! ጠላ ጠማቂዎቻችን ከሥር የሚቀረውን አተላ፣ ከላይ የሚንሳፈፈውን ገፈት ብለው ከለዩት ቆይተዋል። ስለዚህ «የብረት ገፈት» ቢባል እመርጣለሁ።

ከዚሁ ገፈት የሚሠራው ቁስ «የመስተዋት ሸክላ» መባሉም አያረካም። ሸክላ (የሙዚቃውን እንተወውና) አፈሩ ተቦክቶና ተቀርጾ የሚተኮስ ነው። እዚህ ግን ገፈቱ ከአሸዋ ጋር ይቀልጣል፤ የክሪስታል ዘር የሚሆን ቅመም ይታከልበታል፤ በመስተዋትነቱም ቅርጽ ይይዛል። ከዚያ በተመጠነ ሙቀት እንደገና ሲሞቅ ደቃቅ ክሪስታሎች በውስጡ ይበቅላሉ፤ ጥንካሬውም የሚመጣው ከእነዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ምርቱን ለፋብሪካ ያበቁት የሶቪየት ሊቃውንት «መስተዋት» እና «ክሪስታል» የሚሉትን የሩስኛ ቃላት አጣምረው «ሲታል»፣ ከገፈት የሚሠራውንም «ሽላኮሲታል» አሉት። ሸክላን አላነሡም። እኛም «ድንጋያም» በምንልበት ቅጥያ «ክሪስታላም መስተዋት» ልንል እንችላለን።